ለተረኛው መቶ አለቃ፦ ሰማያዊ ቆብ ከማድረግህ በፊትና ካደረግህ በኋላ

ለሰላም ማስከበር ግዳጅ የተመረጠ ወጣት መኮንን ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አበል ነው። አልፈርድበትም። የቤት ኪራይ አለ፣ እናት አለች፣ ቀለበት ያሰረላት ልጅ አለች። ስለ አበሉም እነግርሃለሁ፤ ግን ከሱ የሚቀድም ነገር አለ። እኔ መጀመሪያ ላይቤሪያ ዝዌድሩ ነበርኩ፣ በኋላ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡባት አብዬ። በሻምበልነት ጡረታ ወጥቼ አሁን ቢሾፍቱ ነው የምኖረው። ይህን የምጽፈው ጋንታ ይዞ ለሚሄድ ልጅ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

ማን ላከህ? ማንስ ፈቀደልህ?

ሻንጣ ከመግዛትህ በፊት ተልዕኮህን ያቋቋመውን የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ፈልገህ አንብብ። ጥቂት ገጽ ነው፣ ቡና እየጠጣህ ትጨርሰዋለህ። የአብዬው ቁጥር 1990 ነው፤ ጁን 27 ቀን 2011 ወጣ። የዳርፉሩ 1769 ነበር። ስታነብ ሦስት ነገር አስምርበት። ማንን እንድትጠብቅ ታዘሃል? ምን እንድትከለክል ታዘሃል? "ምዕራፍ ሰባት" የሚል ቃል፣ የተመድን ቻርተር ማለት ነው፣ አለበት ወይስ የለበትም? ካለበት፣ አደጋ የተደቀነበትን ሲቪል ለማዳን ኃይል መጠቀም ተፈቅዶልሃል ማለት ነው። በአብዬ ተፈቅዶልን ነበር። ይህን ሳያውቅ ዓመቱን የጨረሰ መኮንን አውቃለሁ። ሰው ዓይኑ እያየ ሲደበደብ "እኛ ታዛቢዎች ነን" ይል ነበር።

የባንዲራው ቀለም አንድ ነው፣ ሥራው ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የወረደው በተባበሩት መንግሥታት ዕዝ ሥር ሊዋጋ ነው። ተዋግቶም ከ120 በላይ ልጆቹን ገብሯል። በ1960 ኮንጎ የገባው ጦር፣ ጠቅል ብርጌድ የምንለው፣ የገጠመው ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥቱ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ካታንጋ ተገንጥያለሁ ብላለች፣ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ በየሳምንቱ ይቀያየራል። በዚያ ትርምስ ውስጥ የኛው ጄኔራል ከበደ ገብሬ የመላው የተመድ ኃይል አዛዥ ሆነው አገልግለዋል። ይህን የማነሳው ለኩራት ብቻ አይደለም። ልጆቻችን የቃኘውን ታሪክ ከአያት ሰምተው ያድጉና ጀግንነትን በተተኮሰ ጥይት ይለኩታል። አንተ የምትሄድበት ቦታ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥይት ሳትተኩስ ብትመለስ ነው ሥራህን የሠራኸው።

ፈቃድ ነገር ላይም አትቀልድ። አብዬ የገባነው ሱዳንና የደቡቡ ወገን ጁን 20 ቀን 2011 አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው "ኢትዮጵያ ትግባ" ስላሉ ነው። የተፈቀደው ኃይል 4,200 ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የኛ ጦር። የመጀመሪያው አዛዥ ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። በ2021 በድንበሩና በግድቡ ጉዳይ ግንኙነቱ ሲሻክር ሱዳን "ይውጡልኝ" አለች። በ2022 የሌላ ሀገር ጦር ቦታችንን ተረከበ። የገባኸው በሰው ፈቃድ ነው። በር የከፈተልህ ሰው በሩን ሊያሳይህም ይችላል። ካርቱም ውስጥ የሚባለው ነገር አንተ ኬላ ላይ በሳምንቱ ይደርሳል፤ ስለዚህ ሬዲዮ አዳምጥ።

የተኩስ ደንቡን የያዘች ትንሽ ካርድ ይሰጡሃል። ኪስህ ውስጥ አትደብቃት። ወታደሮችህን ሰብስበህ በአማርኛ አስጠናቸው፣ በጥያቄ አፋጥጣቸው። መሣሪያ የያዘ ግን ያላነጣጠረ ሰው ቢመጣ? ድንጋይ የያዙ ሴቶች መንገድ ቢዘጉ? የሰከረ የመንግሥት ወታደር መኪናህን ልፈትሽ ቢልህ? ሁርሶ ማሠልጠኛ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ እዚያ በሌሊት ይመጣል።

ወረቀት፣ ጥርስ፣ በርበሬ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የውክልና ወረቀት ለምታምነው ሰው ስጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ፎቶ አንሥተህ ቤትም አስቀምጥ። የሚያምህ ጥርስ ካለ እዚሁ አስነቅል፤ ዝናብ ሲገባ ለአንድ ጥርስ ሄሊኮፕተር አይመጣልህም። ከመሄድህ በፊት የተደረገልህን የጤና ምርመራ ቅጂ ያዝ። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ራሽን ተመድ ያቀርባል፣ አይርብህም። ግን የቆርቆሮ አሣና ፓስታ ሦስተኛው ወር ላይ ያንገሸግሽሃል። በርበሬና ሽሮ ያዙ፤ ጋንታው ተካፍሎ ቢይዝ ይሻላል። ቡናና ጀበና ከስንቅ አትቁጠረው፣ የሥራ መሣሪያ ነው። ሽማግሌ ስትጋብዝ ይገባሃል። ከዚያ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ መርፌና ክር፣ የአልጋ አጎበር፣ ጥሩ የራስ ባትሪ። አብዬ ዋልካ መሬት ነው። ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መሬቱ ይጨቀይና መኪናን እስከ ጎማው ይውጣል። በዚያ ወቅት ከሻምበል ወደ ሻምበል በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ካልሆነ መገናኘት የለም።

አሁን ስለ ገንዘቡ

ተመድ ለወታደር ደመወዝ አይከፍልም፣ ለሀገር ነው የሚከፍለው። ከ2018 ጀምሮ በአንድ ሰው በወር 1,428 ዶላር ነበር፣ በኋላ ትንሽ ጨምሯል። ከዚያ ውስጥ ላንተ የሚደርስህን የሚወስነው መንግሥትህ ነው። ተመድ በቀጥታ እጅህ ላይ የሚያስቀምጠው በቀን 1.28 ዶላርና የዕረፍት ጊዜ አበል ነው። ከናይጄሪያ ወይም ከባንግላዴሽ ወታደር ጋር "ስንት ታገኛለህ" እየተባባልክ ሆድህን አታሳዝን፣ የየሀገሩ ደንብ ይለያያል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛ ገንዘብ አለ። መኪናው፣ ጄኔሬተሩ፣ የውሃ ማጣሪያው የሀገርህ ንብረት ከሆነ ተመድ የኪራይ ዋጋ ይከፍላል፤ ግን የሚሠራ ከሆነ ብቻ። በየሦስት ወሩ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሞተር ያስነሣሉ። የጭነት መኪናዎችህ ቢያንስ 90 በመቶ ካልሠሩ ክፍያው ይቀነሳል። አንድ ኦራል በአንድ ፊልትሮ ምክንያት ቆሞ ሲቆጠርብህ የምትከፍለው ሀገርህን ነው። ስለዚህ መካኒክህን አክብር። ከጥበቃ ተራ አውጣው፣ ሻይ አፍላለት።

ቅኝት የሚወጣው ከብት ለማየት ነው

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። አንተ የትም ሂድ፣ ምሳሌዬ አብዬ ናት፤ የአብዬ ነገር ሥሩ ከብትና ውሃ ነው። ነዳጁም፣ ፖለቲካውም፣ በ2011 ይደረጋል ተብሎ የቀረው ሕዝበ ውሳኔም አለ። ጋንታ መሪ ግን በየቀኑ የሚገጥመው ከብቱ ነው። ሚሴሪያዎች ከሰሜን ከብታቸውን እየነዱ ዝናቡ ሲያበቃ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። እየተጓዙ ደረቁ ሲከፋ ኪር ወንዝ ይደርሳሉ፤ እነሱ ባሕር አል ዓረብ ይሉታል። ዝናቡ ሊጀምር ሲል ይመለሳሉ። ንጎክ ዲንካዎች ደግሞ አገሩ አገራችን ነው ይላሉ፣ ከብትም አላቸው፣ በኛ ጊዜ ከተፈናቀሉበትም እየተመለሱ ነበር። ሁለቱ አንድ ኩሬ ላይ የሚገናኙበትን ወር ካላወቅህ ካርታህ ባዶ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ገና እንደገባህ የዓመቱን ሰሌዳ ሥራ። የትኛው ኩሬ በየትኛው ወር ይደርቃል? የትኛው ቤተሰብ በየት በኩል ያልፋል? አምና የተዘረፈ ከብት ሳይመለስ ቀርቷል ወይ? ካሣ ያልተከፈለበት ሟች አለ ወይ? ይህን የሚነግርህ ከዋና መምሪያ የሚመጣ ሪፖርት አይደለም። ሽማግሌው ነው፣ ገበያ ውስጥ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ናት።

ቅኝቱን በአንድ ሰዓትና በአንድ መንገድ አትውጣ። ሁለት መኪና ከሌለ አትነቃነቅ። ሬዲዮህን ከመነሣትህ በፊት ሞክር፣ ከዚያ መንደር ስትደርስ ውረድ። ከመኪና ሳይወርድ እጁን አውለብልቦ የሚያልፍ ቅኝት ነዳጅ ነው ያቃጠለው። መነጽርህን አውልቅ። ሰላምታ ለሽማግሌ፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ። ስለ መሣሪያ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ምን ታያለህ? ሴቶችና ጥጆች። ከብት ነጂዎቹ ሴትና ሕፃን ይዘው፣ እቃ በበሬ ጭነው ከመጡ የመጡት ለግጦሽ ነው። ወጣት ወንዶች ብቻ ከሆኑ፣ ከብቱም ጥቂት ከሆነ፣ ሬዲዮ አንሣ። ጠዋት ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ከቀሩ አንድ ነገር ሰምተዋል ማለት ነው። አሚየት ገበያ ላይ ሁለቱም ወገን ይገበያያል። የሰሜኑ ነጋዴ ስኳርና ጨርቁን ከእኩለ ቀን በፊት መጠቅለል ከጀመረ ከማንኛውም የመረጃ መኮንን ቀድሞ ነግሮሃል።

አስተርጓሚ ላይ ቆም እንበል። አስተርጓሚህ የአንዱ ወገን ልጅ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። አንድ ጊዜ ኩሬ ዳር ተቀምጠን አንድ የሚሴሪያ ሽማግሌ መሬቱን በበትራቸው እየጫሩ ረጅም ነገር ተናገሩ። ፊታቸው ተለዋውጧል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲያበቁ የኛው ልጅ ዞሮ "ደህና ነን ይላሉ" አለኝ። የሃምሳ አለቃዬ አረብኛ ይሰማ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የተወሰዱባቸውን ላሞች በቀለም በቀለማቸው እየቆጠሩ ነው" አለኝ። ያን ቀን ዝርዝሩን እንዳለ ጻፍነው። ስለዚህ ቢቻል ሁለት አስተርጓሚ ያዝ፣ ከየወገኑ አንድ። አጭር አጭር ተናገር። ስትናገር የምታየው ሽማግሌውን እንጂ አስተርጓሚውን አይደለም። ከወታደሮችህ መሀል አረብኛ የሚሰማ ካለ ዝም ብሎ ዳር ይቀመጥ፤ መስማቱን ማንም ባያውቅ ይመረጣል።

ሴት ወታደሮችህን ወጥ ቤትና ቢሮ አትደብቃቸው። ውሃ ዳር፣ ጤና ጣቢያ፣ ወፍጮ ቤት አንተ ስትደርስ ወሬ ይቋረጣል፤ እነሱ ሲደርሱ ይቀጥላል።

ቡናውን በተመለከተ ካምፕህ ውስጥ አፍላና ሽማግሌዎችን ጥራ። ዲንካዎቹን ማክሰኞ ከጠራህ ሚሴሪያዎቹን ረቡዕ ጥራ፤ ሦስት ስኒ ለነዚህ ከሆነ ሦስት ስኒ ለነዚያ። ይቆጥራሉ፣ እመነኝ።

መንገድና ፈንጂ

ኦገስት 2 ቀን 2011፣ ገና ከመግባታችን፣ ማቦክ የምትባል ቦታ ላይ ቅኝት ላይ የነበረ መኪና ፈንጂ ረገጠ። አራት ልጆቻችን ሞቱ። ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም። የተመድ ኃላፊዎች በወቅቱ እንደተናገሩት ቁስለኛ የሚያነሣው ሄሊኮፕተር ከካርቱም ፈቃድ በጊዜ አላገኘም። የኔ ጋንታ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀው ነበር። ማስፈራራት ፈልጌ አይደለም፣ የደም ማሰሪያ ገመድ እንዲይዙ ነው። የተመድ ሕግ 10፣ 1፣ 2 ይላል፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጓደኛው ደሙን ያቁም፣ በ1 ሰዓት የሠለጠነ ሐኪም ይድረስ፣ በ2 ሰዓት ቀዶ ጥገና ይደረግ። 1ዱና 2ቱ ባንተ እጅ አይደሉም። 10ሩ ግን ያንተ ናቸው። እያንዳንዱ ወታደር ማሰሪያውን በግራ እጁም በጨለማም ማሠር ይቻል። ከብት ከሚሄድበት ዱካ አትውጣ። ሣር የበቀለበት የመኪና መንገድ አቋራጭ ቢሆንም አትግባ፤ ሰው የተወው በምክንያት ነው።

እጀባ ሲታዘዝ ደግሞ የሜይ 4 ቀን 2013ን አስታውስ። የንጎክ ዲንካ ዋና አለቃ ኩዋል ዴንግ ኩዋል በተመድ ኮንቮይ ሲጓዙ የታጠቁ ሚሴሪያዎች መንገድ ዘጉ። ለረጅም ሰዓት ድርድር ተደረገ። መጨረሻ ላይ ተኩስ ተከፈተና እሳቸውም አንድ ወታደራችንም ተገደሉ። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው። ትልቅ ሰው ስታጅብ ከትልልቆቹ ጋር የተደረገ ስምምነት አይበቃህም። መንገዱ ዳር መሣሪያ ይዞ የተቀመጠው ጎረምሳ ይህን ስምምነት ሰምቷል ወይ? ቀድመህ ሰው ልከህ አረጋግጥ። ካልሰማ ጉዞው ይዘግይ፣ አለቃህም ይቆጣ።

ሶማሊያ ከታዘዝክ ይህ ሁሉ መልኩ ይቀየራል። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2014 የአፍሪካ ኅብረቱን ኃይል ስትቀላቀል የያዘችው በባይደዋ በኩል ያለውን ቀጠና ነው። እዚያ ቆቡም ሰማያዊ አይደለም፣ አድፍጦ የሚጠብቅህም ጠላት ነው። መንገድ ላይ ወርዶ ከሁሉ ጋር ሰላም ማለት እዚያ አይሠራም። በጁን 2016 ሃልጋን ካምፕ ላይ አልሸባብ በፈንጂ በተሞላ መኪና ነው የመጣው። የአብዬን ልምድ ይዘህ ባይደዋ እንዳትገባ፤ የባይደዋውንም ይዘህ የአብዬ መንደር ውስጥ እንዳትገባ።

ሴት፣ ስልክ፣ አጥር

ይህን በአጭሩ ልበለው። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር ግንኙነት፣ ዕድሜዋን አላወቅሁም ብትልም፣ ወንጀል ነው። በገንዘብ፣ በራሽን፣ በሥራ ተስፋ የሚደረግ ግንኙነትም የተከለከለ ነው። ከ2003 ጀምሮ የዋና ጸሐፊው መመሪያ በግልጽ አስቀምጦታል። እዚያ ሀገር ይፈቀዳል ማለት መልስ አይሆንም። አንድ ሰው ያጠፋው ሙሉ ሻለቃውን ያስጠይቃል። አዛዥ ሆነህ አይተህ ዝም ካልክ አንተም አለህበት።

ካምፕ አጥር ላይ ለሚሰለፉ ሕፃናት ብስኩት አትወርውር። ልብህ ይራራል፣ አውቃለሁ። በወሩ ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ትተው አጥር ላይ ይውላሉ፣ በሁለተኛው ወር መኪና ሥር ይገባሉ። ትርፍ ካለህ በትምህርት ቤቱ ወይም በሽማግሌዎቹ በኩል ይሂድ። ፎቶ ስታነሣ ከጀርባህ ምን እንዳለ እይ። የጥበቃ ማማው ቲክቶክ ላይ ሲዞር አይተናል። ቤት ስትደውል ደግሞ እናትህ የተኩስ ድምፅ አትስማ። ግቢ ውስጥ ገብተህ ደውል፣ "ዝናብ ነው" በል።

ሪፖርት

"አጠቃላይ ሁኔታው የተረጋጋ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ከሪፖርትህ ይውጣ። ለማንም ምንም አይነግርም። እንዲህ ጻፍ፦ ስንት ሰዓት፣ የካርታ ነጥቡ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ከብት ገደማ፣ መሣሪያ ታየ ወይስ አልታየ፣ ማን ምን አለ፣ አንተ ምን አደረግህ። አብዬ ከኛና ከአካባቢው ፖሊስ በቀር መሣሪያ የማይገባበት ቀጠና ተብሎ ስለነበር አንዲት ክላሽ ማየት ራሷ ዜና ነበረች። እንግሊዝኛህ ይሰባበር፣ ግድ የለም፤ ቁጥሩ አይሰባበር። በዚያው ማታ ጻፈው። በማግስቱ የሚጻፍ ሪፖርት ውስጥ ሁሉም ሰው ጀግና ነው።

ስትመለስ

በተልዕኮው 90 ቀን ካገለገልክ የተመድ ሜዳሊያ ይገባሃል። ሰልፉ ደስ ይላል፣ ልጆችህ ያዩታል። ከሜዳሊያው ይበልጥ ግን ወረቀቱን አጥብቀህ ያዝ። ወባ ታመህ ተኝተህ ነበር? ከመኪና ወድቀህ ወገብህ ተጎድቷል? በዚያው ቀን የአደጋ ሪፖርት እንዲጻፍ አድርግ፣ ከሕክምና ክፍሉም ቅጂ ውሰድ። የካሣ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ሲነሣ የሚፈለገው ይኸው ወረቀት ነው፤ ከመሄድህ በፊት ከተመረመርከው ጋር ጎን ለጎን ያዩታል። አንድ ጓደኛችን ጉልበቱን ግዳጅ ላይ ጎድቶ ወረቀት ስላልነበረው ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ ተንከራቷል። የወታደሮችህንም አንተ ተከታተል፣ እነሱ ያፍራሉ።

ቅያሬው ሲደርስ ከሚተካችሁ ጦር አንድ ቡድን ጥቂት ቀን ቀድሞ ይመጣል። በነዚያ ቀናት ሰው ሁሉ ሻንጣ ላይ ነው። አንተ ተረኛውን መኮንን መኪና ላይ ጫነውና ሽማግሌዎቹ ጋ ውሰደው፣ እጅ ለእጅ አጨባብጣቸው። ዓመቱን ሙሉ የያዝከውን ደብተር ስጠው፦ የኩሬዎቹ ስም፣ የሚደርቁበት ወር፣ ያልተመለሱት ላሞች በየቀለማቸው፣ የትኛው አስተርጓሚ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ። የገባኸውንም ቃል ጻፍለት። ለአንዱ መንደር የውሃ ፓምፕ እቃ አመጣለሁ ብለህ ከሆነና ካልመጣ፣ ሽማግሌው የሚጠይቁት ከአንተ በኋላ የመጣውን ሰማያዊ ቆብ ነው።